ለገሠ ለማንም አይነሳም

ለገሠ በተቀበረበት ቀን ጠዋት ጽጌ ወደ እኔ መጥታ፣ «ጋሽ በየነ፣ ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም፤ የሕይወት ታሪኩን እርስዎ ይናገሩልኝ» አለችኝ። ጽጌ ባለቤቱ ናት። እምቢ ማለት አልቻልኩም። እኔ አራተኛ ክፍልን እንኳ በቅጡ ያልጨረስኩ ሰው ነኝ፤ በሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ቢሆንም ተናገርኩ። የት እንደተወለደ፣ ናይሮቢ እንዴት እንደገባ፣ ስንቱን ቤት እንደቀባ፣ ለሰው የነበረውን አክብሮት አንድ በአንድ አወራሁ። ስለ እግሩ ስደርስ ግን፣ «ሐኪሞቹ አጥንቱ ውስጥ ያስገቡለት ብሎን በራሱ ጊዜ ላላ፤ የእግዜር ፈቃድ ሆነ» ብዬ አለፍኩ። ሰው አለቀሰ። ከቀብር መልስ ጽጌ በምግብ አብሳይነት የምትሠራበት የኪሊማኒው ምግብ ቤት ግቢ ውስጥ ድንኳን ሥር ስንቀመጥ፣ «ጋሼ፣ አፍዎ ይባረክ፤ አንድም አላስቀሩ» እያሉ እጄን ጨበጡኝ።

አስቀርቼ ነበር። ብሎኑ በራሱ ጊዜ አልላላም።

ለገሠን ያወቅሁት በሥራ ነው። ሁለታችንም ቀለም ቀቢዎች ነበርን፤ ኬንያዎቹ ፉንዲ ይሉናል፣ ባለሙያ ማለታቸው ነው። እኔ በዕድሜ ሃያ ዓመት ያህል እበልጠዋለሁ፤ በሙያው ግን እሱ ይበልጠኛል፤ ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ቀለም ከመክፈቱ በፊት ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ እያደረገ ይዞረዋል። «ግድግዳ ይዋሻል ጋሼ። ላዩ አምሮ ውስጡ ባዶ ይሆናል። መጀመሪያ አናግረው፣ ከዚያ ቀባው» ይለኛል። አሥራ ሁለት እርከን ያለው የእንጨት መሰላል ነበረን። እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። ጣሪያው ጥግ የተወሸቀችውን ስንጥቅ ሳይቀር ፈልጎ ያገኛታል። ከላይ ሆኖ ሲያዜም ሰምቶ የቤቱ ባለቤት ራዲዮ የተከፈተ የሚመስለው ጊዜ ነበር።

ከሁሉ ከሁሉ ግን ሰው የሚያውቀው በአነሳሱ ነው። ሰው ሲገባ ተቀምጦ መቆየት አይሆንለትም። አንዳንዱ ሰው ለይስሙላ ከወንበሩ ነቅነቅ ይልና ተመልሶ ይቀመጣል። ለገሠ እንደዚያ አያውቅም። እግሩን ገጥሞ፣ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ኖር!» ብሎ ብድግ ነው። የገባው ሰው «በእግዜር» ብሎ ቦታ ይዞ እስኪቀመጥ ድረስ እሱ አይቀመጥም።

አንድ ቀን ከፓርክላንድስ በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲው፣ ስንመለስ አንዲት ኬንያዊት ባልቴት ገቡ። ለገሠ ብድግ ሲል አናቱ ከመኪናው ጣሪያ ጋር ተላተመ። ረዳቱ፣ «ካ ቺኒ፣ ምዜ! ቁጭ በል ሽማግሌው፤ ጣሪያዬን ልትበሳው ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸበት። መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ። እሱ ግን ግንባሩን እያሻሸ፣ ባልቴቲቱ ተመቻችተው እስኪቀመጡ ድረስ ጎንበስ እንዳለ ቆየ።

«አሁን ብትቀመጥ ምን ነበረበት?» አልኩት ስንወርድ።

«እናቴ ብትሆንስ ጋሼ?»

«እናትህ ኪኩዩ ናቸው እንዴ?»

«ናይሮቢ ብትወለድ ትሆን ነበር» አለኝና ሳቀ።

ላቪንግተን አንድ ትልቅ ቤት ስንቀባ ደግሞ ለዘበኛው ሁሉ ይነሳ ነበር። ዘበኛው በመጀመሪያው ቀን ሊመታው የተነሳ መስሎት ዱላውን ጠበቅ አደረገ። ኋላ ላይ ለመደውና ያለ ምንም ጉዳይ በቀን አራት አምስት ጊዜ ብቅ ማለት ጀመረ።

እኔም አልዋሽም፣ ሲነሳልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሚስቴ በልጅነቷ ነው የሞተችው፤ ልጅም የለኝም። በሰው አገር እንደኔ ያለ ሰው «አንተ» እየተባለ፣ በር ላይ እየተጠበቀ ነው የሚያረጀው። ለገሠ ሲነሳልኝ ግን አንድ ትልቅ ሰው ከኋላዬ የገባ ይመስለኝ ነበር፤ ዞር ብዬ ሳይ ማንም የለም፤ ያ ሰው እኔው ነኝ።

እንግዲህ አደጋው እንዲህ ሆነ። ያን ዕለት ሥራችን ፓርክላንድስ ነበር፤ እኔ ቀድሜ ሄጃለሁ። እሱ የቀረውን ነጭ ቀለም በባልዲ ጭኑ ላይ አድርጎ በቦዳቦዳ፣ በሞተር ሳይክሉ ታክሲ ማለቴ ነው፣ ይከተለኛል። መታጠፊያው ላይ መኪና መጥቶ ሞተሩን ጣለው። ነጂው ተፈናጥሮ ተረፈ፤ ለገሠ ከመኪናው ሥር ገባ። ተደውሎልኝ ስደርስ አስፋልቱ ነጭ ሆኗል፤ እሱም ከወገቡ በታች ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ሲያየኝ ክርኑን መሬት ላይ አስደግፎ ለመነሳት ሞከረ።

«ተኛ!» ብዬ ጮህኩበት።

ያን ዕለት «ተኛ» የምልበት አፍ ነበረኝ።

የተሰበረው ዳሌው ነው። ሐኪሙ ሁለት እጁን አጋጥሞ ክብ ሠርቶ አሳየን። ዳሌ እንደ ቀለበት ነው አለን፤ ፊት ለፊት ሲሰበር ከኋላም ይከፈታል፤ አንድ ቦታ ብቻ ተሰብሮ አይቀርም። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከፊት በብረት ሰሌዳ አሰሩት፤ ከኋላ በቀኝ በኩል ረጅም ብሎን አስገቡለት። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የአኪኒ ሆነ።

አኪኒ ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ የተኛን ሰው መልሳ መራመድ የምታስተምር። አጭር ሴት ናት፤ ድምፅዋ ግን ወፍራም ነው፤ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሆና ስትናገር አልጋው ላይ ያለው በሽተኛ ይስተካከላል። የመጀመሪያ ቀን ከለገሠ አልጋ ጫፍ ተቀመጠችና በስዋሂሊ ጠየቀችው፤ የለገሠ ስዋሂሊ ከኔ በጣም ይሻላል።

«ሌላው ሰው ምን ትፈልጋለህ ስለው መራመድ ይለኛል። አንተስ?»

«መሰላል» አላት።

«ስንተኛው እርከን ድረስ?»

«አሥራ ሁለተኛው።»

ከት ብላ ሳቀችና ወረቀት አምጥታ አሥራ ሁለት መስመር አሰመረችበት። ከታች አልጋ ጫፍ ላይ መቀመጥ፣ ቀጥሎ በሁለት ክራንች መቆም፣ ቀጥሎ ሽንት ቤት ደርሶ መመለስ እያለች ጻፈች። ላዩ ላይ መሰላል ሣለች። ለገሠ ከሆስፒታል ሲወጣ ያቺን ወረቀት ይዞ ወጥቶ አልጋው ራስጌ ለጠፋት።

ሕጉ አንድ ነበር። ለአሥራ ሁለት ሳምንት ቀኝ እግሩ ክብደት አይሸከምም። በክራንች ሲሄድ ያን እግር መሬት ማስነካት ብቻ ነው የተፈቀደለት።

«ከእግርህ ሥር እንቁላል አለ ብለህ አስብ» አለችው አኪኒ።

«ጥሬ ነው የተቀቀለ?»

«ጥሬ!»

«እንግዲያው ጾም ላይ ነኝ፤ አልነካውም።»

እሷ አልገባትም፤ እኛ ግን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በሳምንት ሁለት ቀን እኔ ነኝ በታክሲ ይዤው ወደ እሷ የምሄድ። አንድ ቀን ተራ ስንጠብቅ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ለገሠ እጁን ወንበሩ ላይ ሲያስደግፍ አኪኒ ከክፍሉ ማዶ አየችው። «ካ!» ብላ ጮኸች። ሽማግሌው ራሳቸው ደንግጠው ቁጭ አሉ። መጥታ ከፊቱ ቆመች፤ እኔንም ጠራችኝ።

«ምዜ፣ አንተም ስማ። ይህ ሰው ለማንም አይነሳም። ለቄስም፣ ለፕሬዚዳንትም፣ ለእናቱም። ያለ ክራንች አንዴ ብድግ ቢል፣ ያ ሁሉ ክብደት ብሎኑ ላይ ነው የሚያርፈው። ገባህ?»

«ገብቶኛል» አልኳት። በደንብ ነው የገባኝ።

ጽጌ ይህን ስትሰማ ቤቷ ሄዳ ካርቶን ቀደደችና በትልልቁ ጻፈችበት፤ «ለገሠ ለማንም አይነሳም። ይቅርታ።» በራቸው ላይ ሰቀለችው። የሚኖሩት ኪሊማኒ፣ ከአንድ ትልቅ ቤት ጓሮ ባለች አንድ ክፍል ነው። ጠያቂው ብዙ ነበር፤ የኛን ሰው ታውቁታላችሁ፣ በሽተኛ ሳይጠይቅ አያድርም። ሁሉም ማስታወቂያውን እያነበበ እየሳቀ ይገባል። ለገሠ ግን በሀፍረት ያልቅ ነበር። ሰው ሲገባ ከወገቡ በላይ ቀና ይልና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ልቤ ተነሥቷል» ይላል። «ልብህ ይበቃናል» ይሉታል።

እንዲህ እያለን ስድስት ሳምንት ሄደ። ከወረቀቱ ላይ አምስት መስመር ተሰርዟል። አኪኒ፣ «የአንተ ቀለበት አንድም አልተነቃነቀ፤ አሥራ ሁለተኛው እርከን ላይ አይሃለሁ» አለችው።

በሰባተኛው ሳምንት እሑድ አንድ የአገሬ ሰው፣ ነጋዴ፣ ከሞያሌ መጣብኝ። ልጆች ሆነን አብረን ነው ያደግነው። እሱ ሀብት አፍርቷል፣ ልጆች ወልዷል። እኔ ያው ቀለም ቀቢ ነኝ። ወደ ለገሠ ዘንድ ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ስለ ልጆቹ ሲነግረኝ እኔም አፌ አላርፍ አለና፣ «እኔም እኮ ከወለዱት የማይተናነስ አለኝ። እንዴት እንደሚያከብረኝ ታያለህ» አልኩት። ታያለህ አልኩት፤ ማስታወቂያው በሩ ላይ እንደተሰቀለ እያወቅሁ።

ገባን። ለገሠ ቀና አለና፣ «ጋሼ፣ ልቤ ተነሥቷል» አለ። ነጋዴው ፊደል አይቆጥርም፤ የበሩን ጽሑፍ አላነበበም። ወደ እኔ ዞር ብሎ ቅንድቡን ብቻ ከፍ አደረገ። ያቺ ቅንድብ ናት ያጠፋችኝ። አስረድቼው ማለፍ እችል ነበር። እኔ ግን እየሳቅሁ፣ «አዬ ጊዜ! ሰው ብረት ሲገባበት ይከብዳል መሰለኝ፤ ለሽማግሌ መነሳት እንኳ ቀረ» አልኩ።

ነጋዴው ሳቀ። ለገሠም ሳቀ፤ እንዲያውም ከሁላችን ቀድሞ የሳቀው እሱ ነው። ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። ጽጌ ውጭ ልብስ ታሰጣ ስለነበር አልሰማችም።

ረቡዕ ብቻዬን ሄድኩ። ጽጌ ሥራ ላይ ናት። በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ ለገሠ ቆሟል። ክራንቾቹ ግድግዳው ላይ ተደግፈዋል። እግሩን ገጥሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ኖር ጋሼ!» አለኝ።

አሁን የምጽፈውን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለማንም አልተናገርኩም። ቁጭ በል አላልኩትም። «በማርያም!» ብዬ አልጮህኩም። «በእግዜር» አልኩት፤ ረጋ ብዬ፣ እንደ ወጉ። ኮቴን አወለቅሁ። ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳብ አድርጌ አመቻቸሁና ተቀመጥኩ። እሱ እስክቀመጥ አይቀመጥምና ይህን ሁሉ ጊዜ ቆሟል። ደስ ብሎኝ ነበር። እግዜር ይይልኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

እሱ ሊቀመጥ ሲል ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ድምፅ ናት፤ የቀለም ቆርቆሮ ክዳን በመፍቻ ሲከፈት እንደምትሰማው ያለች። ፊቱ አመድ ሆነ። አልጋው ላይ ዘፍ አለና ዓይኑን ጨፈነ።

«ለገሠ! ምን ሆንክ?»

«ምንም አይደለም ጋሼ። ጡንቻ ነው።»

«አኪኒ ጋ እንደውል?»

«ኧረ ተዉ። ታርደኛለች።» ላቡን በእጀታው ጠረገ። «ለጽጌም እንዳይነግሯት። ማስታወቂያውን የጻፈችው እሷ ናት፤ ታዝናለች።»

«እሺ» አልኩት። እሺ ለማለት አንድም አልዘገየሁም። ለእሱ ብዬ መስሎኝ ነበር፤ ለራሴ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

ሁለት ሳምንት ደበቅነው። እሱ ጥርሱን ነክሶ ይንቀሳቀሳል፤ እኔ ታክሲ እጠራለሁ። አኪኒ በመጀመሪያው ቀን አልነቃችበትም። እንዲያውም ጎበዝ ብላ እንቅስቃሴ ጨመረችለት። በሁለተኛው ሳምንት ግን አስተኝታው እግሮቹን ጎን ለጎን አድርጋ ረጅም ሰዓት ተመለከተች።

«ወድቀሃል?»

«አልወደቅሁም» አላት፤ እውነቱን ነው፣ አልወደቀም።

ወደ እኔ ዞረች። «ምዜ፣ ምን ተፈጠረ?»

«ሲጁዊ» አልኳት። አላውቅም ማለት ነው።

ራጅ ተነሳ። የኋላው ብሎን ወደ ኋላ ወጥቷል፤ ቀለበቱም ከቦታው ሸሽቷል። ሐኪሙ፣ በዚያው ሰሞን ቢደረስበት መመለሱ ይቀል ነበር፤ አሁን አጥንቱ እንደተዛነፈ መያያዝ ጀምሯል አለ። እንደገና ተከፈተ። ጽጌ ኮሪደሩ ላይ ስታለቅስ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ «ያቺ ሴትዮ ናት። ሳይደርስ እንቅስቃሴ አበዛችበት። እሷ ናት ባሌን የሰበረችው።»

እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ትከሻዋን ይዤ፣ «አይዞሽ» እላት ነበር።

ለገሠ ከሆስፒታል ሲወጣ አኪኒ ሙዝ ይዛ እቤት ልትጠይቀው መጣች። ሥራዋ አልነበረም፤ በራሷ ጊዜ ነው የመጣችው። ጽጌ የግቢው በር ላይ ቆማ አላስገባትም። «ሂጂ፤ ይብቃሽ» አለቻት። አኪኒ ከጽጌ ትከሻ በላይ እኔን አየችኝ፤ አንድ ቃል እንድናገር ጠበቀች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሙዙን ለግቢው ዘበኛ ሰጥታ ሄደች። ለገሠ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ መምጣቷን አልሰማም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ጽጌ ለፊዚዮቴራፒው ሌላ ቦታ ወሰደችው። እዚያ ደህና ሰዎች ነበሩ፤ ግን እንደ አኪኒ ምን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀው የለም። ወራት ፈጀ። ክራንቹ ወደ ከዘራ ተለወጠ። ደረጃ በአንድ እግር እየቀደመ ይወጣል። ቀኝ እግሩ በአንድ ጣት ያህል አጠረ። ብዙ ሲቀመጥ ያመዋል፣ ብዙ ሲቆምም ያመዋል። ያቺ ወረቀት ግን ራስጌው እንደተለጠፈች ናት።

አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ መሰላሉን ይያዙልኝ» አለኝ። ያዝኩለት። አንደኛው እርከን፤ ሁለተኛው፤ ሦስተኛው ላይ ግራ እግሩን አንሥቶ ቀኙ ላይ ሲቆም ጉልበቱ ተንቀጠቀጠና ዳሌው ወደ ውጭ ዘመመ። መሰላሉ በእጄ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ቀስ ብሎ ወረደ። ግድግዳውን ኳ ኳ አደረገና፣ «እኔ ከታች እበቃለሁ፤ ላዩን እርስዎ ይዩት» አለኝ። እቤት ሲገባ ወረቀቷን ልጦ አወረዳት፤ ቀዶ ግን አልጣላትም፣ አጥፎ የሆነ ቦታ አስቀመጣት።

ከዚያ ወዲያ እኔ ሽማግሌው ከላይ፣ እሱ ከታች ሆንን። በሩንና የግድግዳውን ግርጌ ይቀባል፤ የእኔን መሰላል ይይዛል። ከላይ ሆኜ ቁልቁል ሳየው ብሩሹ እጄ ላይ ይከብደኝ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል እንደዚያ ሠራንና እኔም አቃተኝ። እሱ ፓርክላንድስ አንድ የቀለም መደብር ቀለም በጥባጭ ሆኖ ተቀጠረ። ደንበኛው ቁራጭ ጨርቅ ይዞ መጥቶ ይህን ቀለም ስጠኝ ሲለው ሳይሳሳት አመሳስሎ ይሰጠዋል። ባለመደብሩ ይወደው ነበር። ሰው ሁሉ ይወደው ነበር።

አንዴ ልናገር ሞክሬያለሁ። መደብሩ በር ላይ ሻይ ይዘን ቆመን፣ «ለገሠ፣ ያን ረቡዕ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ያ ማዶ ያለውን ሕንፃ አዩት? ማን ይሆን እንዲህ አድርጎ ያበላሸው?» አለኝ።

«ስማኝ እንጂ…»

«አንድ እጅ ብቻ ነው የቀባው፣ አልደገመውም፣ ሌባ!» አለና ስለ ሕንፃው ማውራት ጀመረ። ሰማሁት። መስማት ቀለለኝ።

ሌላም ነገር አለ። እግሩ ደህና ከሆነ በኋላ ለሰው መነሳቱን አልተወም፤ ከዘራውን ተመርኩዞ፣ ጥርሱን ነክሶ ይነሳል። እኔ ስመጣ ግን አንድም ቀን ሲነሳ አላየሁትም። ሁልጊዜ ቆሞ ነው የማገኘው። ምን ጊዜ እንደምመጣ እንዴት ያውቃል እያልኩ ስገረም ቆየሁና አንድ ቀን ነገሩ ገባኝ፤ የእግሬን ኮቴ ገና ግቢው ውስጥ ሲሰማ ነው የሚነሳው፤ ሲቸገር እንዳላይ።

ባለፈው ወር ልቡ ቀጥ ብላ ቆመች። መደብሩ ውስጥ ነው፤ አንድ ሰዓት እንኳ አልታመመም።

ከቀብሩ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። «አንድም አላስቀሩ» ያሉኝ ሰዎች ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ሰባት ቀን ቆይቼ ወደ ጽጌ ሄድኩ። ብቻዋን ናት፤ የለገሠን ልብሶች ለቤተ ክርስቲያን ልትሰጥ እያጣጠፈች ነው። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ነጋዴውን፣ ቀልዴን፣ ኮቴን የሰቀልኩበትን ሚስማር፣ «ሲጁዊ» ያልኩትን። እጅዋ ሸሚዝ ላይ ቆሞ ቀረ።

«እኔ ይህን ሁሉ ዓመት…» አለችና ተወችው።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

«ቆይ ጋሽ በየነ። ይቅርታውን ቆይ።» ሸሚዙን አስቀመጠች። «እሱ አውቆ ነው የተነሳው፤ የሱን ልተወው። እርስዎም ያው እርስዎ ነዎት። አኪኒስ? ያቺን ሴት እኮ ሙዝ ይዛ ከበሬ የመለስኳት እኔ ነኝ። በየምግብ ቤቱ ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የኛ ሰው እሷ ዘንድ እንዳይሄድ ያደረግሁት እኔ ነኝ። እርስዎ አጠገቤ ቆመው!»

ዓይኔን ወደ ሸሚዙ መለስኩ።

«ነገ ይወስዱኛል» አለችኝ። «ለኔ የነገሩኝን ለሷ ይነግሯታል።»

«ስዋሂሊዬ ለዚህ አይበቃም፣ ጽጌ።»

«በሚበቃዎት ያህል ይንገሯት።»

በማግሥቱ ወደ ሆስፒታሉ ሄድን። አኪኒ ፀጉሯ ሸብቷል፤ ድምፅዋ ያው ነው። ቆማ ነው የሰማችን። በተሰባበረ ስዋሂሊ፣ ቃል ሲጠፋኝ ጽጌ እየሞላችልኝ፣ ጨረስኩ። ለገሠ መሞቱን ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። ሌላውን ስትሰማ ግን ፊቷ ምንም አላለም። በመጨረሻ በቀስታ ተናገረች፤ እንዲገባኝ ብላ ነው መሰለኝ።

«እኔ እኮ ከዚያ ወዲህ የማንንም ሰው ዳሌ ይጸናል ብዬ አምኜ አላውቅም» አለች። «ሳይደርስ ቸኮልኩበት ብዬ መዝገቡ ላይ በእጄ ጻፍኩ። ከእሱ በኋላ ሐኪሙ አሁን ይቁም ሲለኝ እንኳ እፈራለሁ። አንድ ሳምንት ይጨመር፣ ሁለት ሳምንት ይጨመር እያልኩ አስቀምጣቸዋለሁ። የተቀመጠ እግር ይሰልላል፣ ጡንቻው ያልቃል፤ አውቃለሁ። ግን እፈራለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ አየች። «ምዜ፣ ስንት ሰው ይሆን?»

ጽጌ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

አግዳሚው ላይ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች፤ ሁለት ክራንች ጭኗ ላይ ተጋድሟል፤ እናቷ አጠገቧ ናቸው። አኪኒ ወደ እሷ ሄዳ ወረቀቷን ገልጣ አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ አጠገቧ ጎንበስ ብላ በሁለት እጅዋ ወገቧን ያዘችና፣ «ሐኪምሽ ከፈቀደልሽ ሁለት ሳምንት አልፎታል። የዘገየሁት እኔ ነኝ። ዛሬ እንሞክራለን፤ ሁለቱንም እግርሽን» አለቻት።

ልጅቱ ፈራች፤ እናቷን አየች። ጽጌ ሳትጠራ ሄዳ በሌላው ወገን ክንዷን ደገፈቻት። ክራንቹ ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። እናትየው ሲያለቅሱ ሰማሁ፤ አኪኒም፣ «እንደዚያ ነው፣ እንደዚያ ነው» ስትል ሰማሁ። ቀና ብዬ ለማየት ግን አልደፈርኩም።